በቤቴ የሞተ የለም

ስሙኝማ፤ የአንድ ወንድምና የአንድ እህት ነገር ነው የምነግራችሁ። ወንድምየው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ታክሲ ይነዳል። እህትየዋ ደሴ፣ ፒያሳ አጠገብ ጨርቃ ጨርቅ ትሸጣለች። ስማቸውን አልጠራም፤ አንደኛ ነገር ሰፈሩ ያውቃቸዋል፣ ሁለተኛ ነገር እኔም ቡና የምጠጣው እዚያው ሰፈር ነው።

እሷ ወንድ ልጅ አላት፤ እሱ ሴት ልጅ አለችው። ልጆቹ በአንድ ዓመት የተወለዱ፣ በስልክ ብቻ የሚተያዩ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ሁለቱም የዩኒቨርሲቲ በር አንኳኩ፤ እሱ በፈተና፣ እሷ በማመልከቻ። ያን ዓመት ሁለቱ ቤቶች እንዴት እንደዋሉ፣ እንዴት እንዳደሩ ልንገራችሁ።

የልጁን ላስቀድም፤ ወሬው መጀመሪያ የመጣው ለእሱ ነውና።

ልጁ ደህና ተማሪ ነው። አንደኛ አይወጣም፤ አምስተኛ ቢወጣም አያኮርፍም። አሥረኛ ክፍል ሳለ፣ በመጋቢት 2012፣ ኮሮና መጣና ትምህርት ቤት ተዘጋ። ይሁን፤ ያም አለፈ። መስከረም 2014 አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገባ። የደብተሩ የመጀመሪያ ገጾች ገና ሳይሞሉ፣ በጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። እናትና ልጅ ሱቁን ቆልፈው ከሕዝቡ ጋር ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደዱ፤ እኩሌታውን በእግር፣ እኩሌታውን በጭነት መኪና ላይ። በኅዳር መጨረሻ ከተማዋ በመንግሥት ኃይሎች እጅ ስትመለስ እነሱም ተመለሱ። ሱቁ ባዶ ነው። የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራም ባዶ ነው። የፊዚክስ መምህሩ የኤሌክትሪክን ምዕራፍ ሲያስተምር የሚያሳያቸው ሽቦ አጣና በጠመኔ ሣለላቸው። ፈተናው ግን ሽቦውን በዓይኑ ያየውንና በጠመኔ ያየውን አይለይም።

ፈተናውም የዱሮው ፈተና አልነበረም። በ2008 ወረቀቱ ቀድሞ ፌስቡክ ላይ ወጥቶ ፈተናው መሰረዙን ታስታውሳላችሁ። ከዚያም ወዲህ በቴሌግራም የሚዞር መልስ፣ በክፍል ውስጥ ከወንበር ወንበር የሚተላለፍ ብጣሽ ወረቀት አልጠፋም። ትምህርት ሚኒስቴር በመጨረሻ ቆረጠ፤ የ2014ቱ ተፈታኝ በጥቅምት 2015 ከሰፈሩ ወጥቶ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ፣ እዚያው እየበላ እዚያው እያደረ፣ ያለ ስልክ እንዲፈተን ሆነ። ማለፊያው ያኔ 50 ከመቶ ነበር፤ ለተፈጥሮ ሳይንስ ከ700 350 ማለት ነው።

እናት አንሶላና ብርድ ልብስ ሸክፋ፣ በሶና ቆሎ ቋጥራ ሸኘችው። ሲመለስ፣ «እንዴት ነበር?» አለችው። «ግቢው ደስ ይላል፤ ሰፊ ነው» አላት። እሷ ስለ ፈተናው የመለሰላት መሰላት።

ጥር 19 ቀን 2015፣ ዕለቱ ዓርብ፣ የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ መግለጫ ሰጡ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ናቸው አሉ። 3.3 ከመቶ! 1,161 ትምህርት ቤቶች ደግሞ አንድም ልጅ አላሳለፉም። አገር ጆሮውን ማመን አቃተው።

ልጁ ሌሊቱን ስልኩ ላይ አፈጠጠ። መረቡ እየተጨናነቀ፣ ገጹ እየተከፈተ እየተዘጋ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ቁጥር ወጣለት፤ 331። አሥራ ዘጠኝ ነጥብ ጎደለው።

የእናት አፍ አንዳንዴ ልቧን ቀድሞ ይሄዳል። «በጥይት መሀል ይዤህ የወጣሁት ለዚህ ነው?» አለችው። ልጁ መልስ አልሰጠም። ለፈተናው የተሸከመውን ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተኛ።

አባትየው በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው ነው። ጋላፊ ላይ ሆኖ ደወለ። «ምንም አይደል፤ መንጃ ፈቃድ ያውጣና ከእኔ ጋር ይሥራ» አለ። ማጽናናቱ ነበር። ልጁ ግን፣ «ድሮስ ካንተ ምን ይጠበቃል» ያለው መሰለው። በእንዲህ ዓይነት ሌሊት የወላጅ ቃል ከአፍ ሲወጣና ጆሮ ሲገባ አንድ አይደለም።

በማግስቱ ጎረቤት መጣ። ልብ በሉ፤ ከመቶ ተፈታኝ ዘጠና ስድስት ሰባቱ አላለፉም። መንደሩ በሙሉ ያው ነው። ቢሆንም አገባባቸው የለቅሶ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ግድግዳውን ይዘው ተቀመጡ። «እግዜር ያጥናሽ» አለች አንዷ። «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» አለች ሌላዋ። ደሴ ናትና እናት በሁለቱም በኩል ተጽናናች።

አትፍረዱባቸው። ለሠርግ ወግ አለን፤ ለክርስትናም፣ ለአራስ ጥየቃም፣ ለሙታንም ወግ አለን። ማን መቼ እንደሚገባ፣ ምን ይዞ እንደሚመጣ፣ ምን ብሎ እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን። ላልመጣ ውጤት ግን አያቶቻችን የተዉልን ወግ የለም። እነሱ ማትሪክ የት ያውቃሉ? ስለዚህ የጨነቀው ጎረቤት በእጁ ያለውን አነሣ፤ የለቅሶውን ወግ ተዋሰ። ችግሩ፣ የለቅሶ ወግ የሚሠራው ሟቹ የሚባለውን ስለማይሰማ ነው። ይህኛው ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቶ ሁሉንም ይሰማል።

በሦስተኛው ቀን ቡናው ተፈልቶ፣ ሴቶቹ ከንፈራቸውን ሲመጡ፣ ልጁ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ወጣና በሩ ላይ ቆመ።

«እማ፣ ማን ሞተ?» አለ።

ቀልዱ ነው እንዳትሉ አይስቅም፤ የምሩን ነው እንዳትሉ ማንም እንዳልሞተ ያውቃል። እናት ሲኒውን አስቀመጠች። ጎረቤቶቿን አየች፣ ልጇን አየች። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«በቤቴ የሞተ የለም። ልጄ 331 አምጥቷል፤ አሥራ ዘጠኝ ጎድሎታል። ቡና የሚጠጣ ይቀመጥ፤ ሙሾ የሚያወርድ ግን ሌላ ቤት ይፈልግ።»

አንዷ ጎረቤት፣ ያቺው «እግዜር ያጥናሽ» ያለችው፣ ነጠላዋን አስተካክላ አኩርፋ ወጣች። እሷን አደራ እንዳትረሷት፤ እመለስባታለሁ። የቀሩት አቦሉን ጨርሰው ስለ ጤፍ ዋጋ ማውራት ጀመሩ። ልጁም ከሦስት ቀን በኋላ ዳቦ ቆርሶ በላ።

ማታ እናት ወደ መኝታው ሄዳ ጫፉ ላይ ተቀመጠች። «አንድ ነገር ልንገርህ» አለችው። «አሜሪካ ያለው አጎትህም ማትሪክ ወድቆ ነበር። ለማንም እንዳትናገር።» እንግዲህ ለ18 ዓመት ልጅ «ለማንም እንዳትናገር» ማለት ምን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

አሁን ባሕሩን እንሻገር።

ወንድምየው የተፈተነው በ1979 ነው። ያን ጊዜ ውጤት የሚመጣው በኤ፣ በቢ፣ በሲ ነበር፤ አማካዩ ከ4 ነጥብ ይሰላል። የእሱ ነጥብ ለመግቢያ አልበቃም። በዚያ ዘመን የወደቀ ወንድ ልጅ የሚፈራው የጎረቤትን አፍ ብቻ አልነበረም፤ ከ1975 ጀምሮ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ነበረ። አንድ ሌሊት ለእናቱ እንኳ ሳይነግር ወጣ። ሱዳን ገባ፤ ከሱዳን አሜሪካ። ሰው ሲጠይቀው፣ «ደርግን ሸሽቼ ነው» ይላል። አልዋሸም። ግን የሸሸው ደርግን ብቻ አልነበረም፤ ነጥቡንም ነው። ይህን የምታውቀው እህቱ ብቻ ናት። ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ሆና ወረቀቱን ከሳጥኑ ሥር ያገኘችው እሷ ነበረች።

ታዲያ ይህ ሰው ሌሊቱን እየነዳ አንዲት ልጅ አሳደገ። በአሜሪካ አንድ ልማድ አለ፤ ልጁ ዩኒቨርሲቲ የገባለት ወላጅ የዩኒቨርሲቲውን ስም የያዘ ስቲከር መኪናው መስታወት ላይ ይለጥፋል። የእኛ ሰው የራሱን መኪና የኋላ መስታወት ለዚያ ቀን ብሎ በየሳምንቱ ይወለውል ነበር። ምንም አይለጥፍበትም ነበር፤ ባንዲራ እንኳ።

የአሜሪካው በር ግን እንደ እኛ በር አይደለም። አንድ ፈተና፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ምደባ የለም። ተማሪው ራሱ ይመርጣል፣ ራሱ ያመለክታል። የአራት ዓመት ማርኩ ይላካል፤ መምህራኑ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፉለታል፤ እሱም ስለ ራሱ እስከ 650 ቃላት ድርሰት ይጽፋል። ኮመን አፕ በሚባለው ማመልከቻ ያንኑ ድርሰት ለብዙ ዩኒቨርሲቲ ይልካል። አባትየው ይህ ድርሰት የሚባለው ነገር አልዋጥ አለው። «ስለ ራሷ ጽፋ ነው የምትገባው? እኛ ስለ ራሳችን እንድንጽፍ ቢፈቀድልን ኖሮ ሁላችንም ሐኪም ነበርን» ይላል ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ለሚጠብቁት ሾፌሮች። ሾፌሮቹም ይስቃሉ፤ ከመካከላቸው አንዳንዱ እኮ ዲግሪውን አገር ቤት ጥሎ የመጣ ነው።

ልጅቱ ሰባት ቦታ አመለከተች። ድርሰቷ አያቷ፣ የእናቷ እናት፣ ሆስፒታል በተኙ ጊዜ ለሐኪሞቹ እያስተረጎመች ስለ ሰነበተችባቸው ቀናት ነው። ማርኳ ከኤ አልወረደም። በአባቷ ሒሳብ ነገሩ አልቋል።

በዚያ አገር ሒሳቡ እንዲህ አያልቅም። ከአመልካቹ ብዙው ማርኩ ኤ ነው። መራጮቹ ማርኩን ካዩ በኋላ ሌላ ሌላውንም ያያሉ፤ ዘንድሮ ኦርኬስትራው ማን ጎድሎታል፣ የሩጫ ቡድኑ ማንን ይፈልጋል፣ ከየትኛው ክፍለ ግዛት ተማሪ አነሰ፣ በአንዳንዱ ዘንድ የቀድሞ ተማሪ ልጅ ማነው። ውጭ የቆመው አመልካች ከእነዚህ የትኛው እንዳስቀረው አይነገረውም። ሃርቫርድን ውሰዱ፤ በዚያ ዓመት 56,937 ሰው አመልክቶ 1,942 ተቀበለ። 3.4 ከመቶ ነው።

ታላላቆቹ የሰሜን ምሥራቅ ዩኒቨርሲቲዎች ውሳኔያቸውን በአንድ ምሽት ነው የሚለቁት። ያን ዓመት መጋቢት 21፣ ሐሙስ፣ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ሆነ። ተቀባይነት ያገኘ ልጅ ገጹን ሲከፍት በብዙዎቹ ዘንድ ባለቀለም ብጥስጣሽ ወረቀት ስክሪኑ ላይ ይዘንባል፣ ሙዚቃ ይጮኻል። አባት ይህን ከጓደኞቹ ሰምቷል፤ ስልኩን ደግኖ ሊቀርጽ ከኋላዋ ቆመ። ልጅቱ ገጹን ነካችው። ምንም አልዘነበም። ደብዳቤ ነው፤ ብዙ ብቁ አመልካቾች ነበሩ፣ እናዝናለን የሚል። ሁለተኛውን ከፈተች፤ ያው። ሦስተኛው፣ በመጠባበቂያ መዝገብ ላይ አስፍረንሻል፣ ጠብቂ አላት። አባትየው ስልኩን ዝቅ አደረገ። ሲቀርጽ ነበረና የመጨረሻው ምስል የገዛ ጫማው ነው።

«እኔ ሌሊት የምነዳው ለዚህ ነው?» አለ።

ሰማችሁ? ደሴ ላይ የተባለውን ነው እኮ የደገመው። ከአንድ እናት የወጡ ናቸው ብያችሁ የለ!

ልጅቱ ክፍሏን ዘጋች። ማንንም ማናገር አልፈለገችም፤ ከአንድ ሰው በቀር። አምሽታ ደሴ ደወለች። እዚያ ሊነጋ ነው።

«ሪጀክት አደረጉኝ» አለችው።

«ስንት ከመቶ ነው የሚያሳልፉት?»

«ሦስት ምናምን።»

«እኛም ሦስት ምናምን ነን!» አለ ልጁ። ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ልጁ ትንሽ አሰበና፣ «ግን አንድ አይደለም» አላት። «አንቺን የመለሱሽ አንዳንድ ቤቶች ናቸው። ስንት ቦታ ነው ያመለከትሽው?»

«ሰባት።»

«እኔ ያለኝ አንድ ፈተና ነው። እሱ ከተዘጋ አገሩ ነው የሚዘጋው።»

ልጅቱ ዝም አለች። ቆይታ ግን እንዲህ አለችው፦ «አንተ ምን እንደጎደለህ ታውቃለህ፤ አሥራ ዘጠኝ ነጥብ። እኔ ምን እንደጎደለኝ አልነገሩኝም።»

እኔ ብዙ አዋቂ ሰው ስለዚህ ነገር ሲያወራ ሰምቻለሁ። ከእነዚህ ከሁለቱ ልጆች በተሻለ የተናገረ አላጋጠመኝም። የኛ ልጅ ቁጥሩን ያውቃል፣ መውጫ መንገዱ ግን ጠባብ ነው። የአሜሪካዋ መንገዷ ብዙ ነው፣ ምክንያቱን ግን ስለማታውቅ ጥፋቱን ራሷ ላይ ትፈልጋለች፤ ድርሰቴ ነው፣ ስሜ ነው፣ ሳቄ ነው እያለች። ለአንዱ «ሌላ በር አለ» ማለት ያጽናናል፤ ለሌላው መጀመሪያ በሩን መፈለግ ግድ ነው። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ምክር የሚሰጥ ሰው ሁለቱንም አላዳመጠም።

ልጁም እንዳትናገር የተባለውን ነገር የተናገረው በዚያው ጠዋት ነው።

ከሰባቱ ሁለቱ ተቀብለዋት ነበር። አንዱ ፌርፋክስ ያለው ጆርጅ ሜሰን ነው፤ የመንግሥት፣ ከቤት በአውቶቡስ የሚደረስ፣ ለክፍለ ግዛቱ ነዋሪ ክፍያው የሚቀንስ። ሌላው በሩቅ ክፍለ ግዛት ያለ፣ ስሙ የሚያምር የግል ኮሌጅ ነው። ትምህርቱ፣ መኝታውና ምግቡ በዓመት ከ80,000 ዶላር በላይ፤ ከሰጣት ድጋፍ የቀረውን ቤተሰቡ ይሙላ ይላል። አባት ስሙን ደጋግሞ አነበበውና ወደደው። ለወላጅ የሚሰጥ የመንግሥት ብድር አለ፤ ሰው ጠይቆ ፎርሙን አመጣ። «እኔ እከፍላለሁ፤ አንቺ ብቻ ግቢ» አላት። መልስ መስጫው ቀን ሚያዝያ 23፣ በእነሱ ሜይ 1 ነው።

ልጅቱ ፎርሙን አየች። በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ፣ «አባዬ፣ ይሄ የኔ ኮሌጅ ነው ወይስ ያንተ ማትሪክ?» አለችው።

ሰውየው ውኃ ሆነ። ከቤት ወጥቶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠና ደሴ ደወለ።

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው፣ ጋሼ።»

«ለምን?»

«ሠላሳ ስድስት ዓመት ሳጥን ውስጥ ቆልፈህ ምን ተጠቀምክ? ለአንድ ቀን አውጥቼ ልጄን አጽናናሁበት።»

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ምን እንደተባባሉ አልተነገረኝም። የማውቀው ይህን ነው። ልጅ በዚያ ቀን መሸከም ያለበት አንድ ውጤት ነው፤ የራሱን። ያንን ይችለዋል፤ ወጣት ነው፣ ትከሻው ገና ነው። የሚያጎብጠው ወላጅ የራሱን ሲጨምርበት ነው፤ አባት ያልወጣለትን ማትሪክ፣ እናት ጎረቤት ፊት የምታጣውን ስም፣ የስደቱን ሒሳብ፣ የጦርነቱን ሒሳብ። «ለዚህ ነው የለፋሁት?» የምትለዋ ጥያቄ የልጁን ውጤት አትጠይቅም። የወላጁን ዕድሜ ነው የምትጠይቀው፤ ለእሷ ደግሞ የ18 ዓመት ልጅ መልስ የለውም።

ነገሩን ያበረደችው ሚስትየው ናት። እሷ ነርስ ናት፤ ቀን እየሠራች ማታ ማታ ኖቫ፣ ያ የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ተምራ ነው ነርስ የሆነችው። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘረጋችና ጻፈች። ጆርጅ ሜሰን ይህን ያህል። የግሉ ኮሌጅ ይህን ያህል፣ በአራት ዓመት ይህን ያህል ዕዳ። ኖቫ ሁለት ዓመት፣ ከዚያ ማርኳ የተባለውን ካሟላ በተረጋገጠ ስምምነት ወደ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቨርጂኒያ መዛወር ይቻላል። «ሦስቱም መንገድ ነው። የምትሄድበት እሷ ናት» አለች። እስክሪብቶውንም ለልጅቱ ሰጠቻት። ልጅቱ ጆርጅ ሜሰንን መረጠች። የመጠባበቂያው መዝገብ እስከ ዛሬ አልጠራትም። አባት ስቲከሩን ለመለጠፍ እስከ ነሐሴ ቆየ፤ ለጠፈው ግን።

ደሴ ላይስ? ትምህርት ሚኒስቴር ከማለፊያው በታች ካመጡት መካከል የተሻለ ነጥብ ያላቸውን ከ100 ሺህ በላይ ተማሪዎች በአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም፣ ልጆቹ ሬሜዲያል በሚሉት፣ ዩኒቨርሲቲ እንዲገቡ አደረገ። አራት ወር ያህል እንዲማሩ፣ 30 ከመቶው ከዩኒቨርሲቲው፣ 70 ከመቶው ከማዕከል በሚመጣ ፈተና እንዲያዝ፣ ካለፉም አንደኛ ዓመት እንዲጀምሩ ተወሰነ። የኛ ልጅ አርባ ምንጭ ደረሰው። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ነው። ያንኑ ብርድ ልብስ ይዞ ሄደ፤ አለፈም። እናቱ ሐኪም እንዲሆንላት ነበር ምኞቷ፤ እሱ ግን የመስኖ ምህንድስና ያዘ። ስለ ሐኪምነት ሲነሣ አሁንም በረጅሙ ትተነፍሳለች፤ በልቧ ነው እንጂ በአፏ አይደለም።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብጨርሰው ጥሩ ነበር፤ ግን ውሸታም እሆናለሁ። 30 ሺህ ያህሉ አለፉ እንበል፤ ከ100 ሺህ በላዩ በሬሜዲያል ገቡ። ከዚያ በኋላ የቀሩት ከ700 ሺህ በላይ ናቸው። እነሱን ማን ይተርካቸዋል?

ያቺን አኩርፋ የወጣችውን ጎረቤት አስታወሳችኋት? ሴት ልጅ አላት፤ በዚያው ፈተና 204 አመጣች። ለሬሜዲያልም አልበቃም። እናትየዋ ሰው ቤት ሄዳ «እግዜር ያጥናሽ» ስትል የምታለቅሰው በራሷ ቤት ነበር፤ የሷ ቤት ግን ማንም አልመጣም፤ ልጇ መፈተኗን እንኳ ብዙ ሰው አላስታወሰም። የወሎን ነገር ታውቃላችሁ፤ እንዲህ ያለ ወሬ በተሰማ በሳምንቱ ደላላ በር ያንኳኳል። በጅቡቲ፣ በባሕሩ፣ በየመን አድርጎ ሳዑዲ። መንገዱ ስንት ልጅ እንደበላ የማያውቅ ቤት እዚያ አካባቢ የለም። ሆኖም ደላላው ቀን ቆርጦ፣ ዋጋ ተናግሮ ይመጣል። ከደላላው በቀር ደግሞ ለልጅቱ ቀን የቆረጠላት ሰው አልነበረም።

ባለሱቋ ይህን ሰማች። ያባረረቻት ጎረቤት ናትና እግሯ ከብዷት ነበር፤ ሄደች ግን። «እግዜር ያጥናሽ» አላለችም። «ልጅቷ ምሳ በልታለች?» አለች። አልበላችም። ተበላ። በማግስቱ ልጅቱን ይዛ ኮምቦልቻ ወረደች፤ ቴክኒክና ሙያ ምዝገባው መቼ እንደሚጀምር፣ በየትኛው ደረጃ እንደሚገባ፣ ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ ጠይቀው ተመለሱ። ልጅቱ ኤሌክትሪክ መረጠች። ያን የፊዚክስ መምህር ታስታውሱት የለ? የእሷም መምህር እሱ ነበር። ዛሬ ኮምቦልቻ ውስጥ ሽቦ ትዘረጋለች። ሀብታም ሆነች አልላችሁም፤ ደመወዟ ቤት ኪራይ ከፍሎ ትንሽ ይተርፋል። ደላላው ግን ሌላ በር ሄደ፤ የሄደበትን በር ሳስብ አሁንም ደስ አይለኝም።

ቁጥሩ በየዓመቱ መምጣቱን ቀጠለ። በቀጣዩ፣ በ2015ቱ ፈተና 3.2 ከመቶ አለፈ፤ በ2016 5.4፤ በ2017 8.4። እየጨመረ ነው፤ መጨመሩም መልካም ነው። ቢሆንም ዛሬም ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላዩ ይመለሳል። አንድ ልጅ ሲወድቅ ልጁን «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያባት ነው። ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ እንኳ ሳያሳልፍ ሲቀር ግን ጥያቄው የልጁ አይደለም፤ መጽሐፉን ያላደረሰውም፣ ሽቦውን ያልተካውም፣ መምህሩን ያላሰለጠነውም መልስ አለበት። የዚህን ሁሉ ዕዳ አንድ ታዳጊ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንዲከፍለው ማድረግ ደግ አይደለም።

ባለሱቋ ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ውስጥ የራሷን ወግ አቁማለች። ውጤት በተለቀቀ ማግስት ዳቦ ይዛ ትገባለች። «ስንት አመጣ?» አትልም፤ ልጁ ራሱ ከነገራት ቁጥሩን ተቀብላ፣ «እሺ» ብላ ታልፋለች። ስለ ሌላ ሰው ልጅ አታነሣም። ከንፈር የሚመጥ ካለ ቡና እንዲያቀርብ ታዘዋለች። ልጁ በልቶ፣ ተኝቶ፣ ተናዶ፣ ወይ አልቅሶ ከጨረሰ በኋላ፣ ማንም ሳይነግራት በስንተኛው ቀን እንደሆነ ታውቃለች፣ ተመልሳ ትመጣና የምዝገባ ቀኖችን ትነግረዋለች፤ የሬሜዲያሉን፣ የቴክኒክና ሙያውን፣ በግል ድጋሚ የሚፈተኑበትን። ከዚያ ወደ ሱቋ።

አንዳንድ ጎረቤቶች ያሟታል። «ይህቺ ሴት ማጽናናት አታውቅበትም» ይላሉ። ውሸታቸውን አይደለም። ግን ሰው የሞተበት ቤት ስትሄድ እዩዋት፤ ከሷ በላይ የሚያለቅስ የለም።